ወደቡን ያዛወረው መሣሪያ

የሰው ልጅ በገዛ ዓይኑ ላይ የነበረውን ከልክ ያለፈ እምነት በቆራጥነት እርግፍ አድርጎ የተወው በእኛ ከተማ ነው። ይህ ታላቅ ክብር ለሌላ ከተማ እንዳይሰጥብን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቦታው የነበርኩት እኔ ነገሩን እንደወረደ ልናገር።

ከተማችን ከባሕር ዳር ናት። ፊት ለፊቷ አንዲት ደሴት አለች፤ ሁለቱን የምታገናኝ ደግሞ አንዲት የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ። ቀኑ የጠራ እንደሆነ ደሴቲቱ ላይ ቆሞ በከተማው ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ማየት ይቻላል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እንዲያውም የማን ሱሪ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። ከተማዋን እያዩ ወደ ከተማዋ የመሄዱ ኋላቀር አሠራር በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዘመን ማንም ሳይከለክለው ኖረ።

የወደቡ ኃላፊ፣ እኛ «ክቡርነታቸው» የምንላቸው፣ ይህን እያዩ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። በሳተላይት አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ አስመጡ። መርከቧ ላይ በተገጠመ ዕለትም ንግግር አደረጉ።

«ከእንግዲህ መርከባችን በግምት አትሄድም! ከሰማይ በሚወርድ መረጃ ትመራለች!»

አጨበጨብን። ከኋላ አንዱ፣ «እስከ ዛሬስ ወደብ ስተን እናውቃለን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳይታወቃችሁ ስታችሁ ሊሆን ይችላል» አሉ ክቡርነታቸው። ይህ አነጋገር በጣም ጥልቅ ስለነበር ድጋሚ አጨበጨብን።

መሣሪያው የእጅ መዳፍ የሚያህል መስታወት ነው። ውስጡ ደግሞ ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት አለች፤ «ወደ ግራ ይታጠፉ»፣ «ወደ ፊት ይቀጥሉ» ትላለች። ካፒቴኑ ሥልጠና ወስዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ የምትነግረውን ሦስት ጊዜ ካልደገመችለት የማይሰማው ሰው፣ የመሣሪያዋን ሴት በአንድ ቃል ይታዘዝ ጀመር። ሕዝቡም «ካፒቴን ሳተላይት» ሲል ሰየመው።

አንዲት እዚህ ግባ የማትባል ጉድለት ብቻ ነበረች። በመሣሪያው ካርታ ላይ ወደባችን ያለው ከእውነተኛው ቦታ ራቅ ብሎ፣ ቋጥኝ የሞላበት ዳርቻ ላይ ነው። ካፒቴን ሳተላይት ይህን አላጣውም። መሣሪያውን እየተከተለ ይመጣና፣ ቋጥኙ ሲቃረብ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የሚያየው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ በመስኮት ሰርቆ ያይና መሪውን ወደ ወደቡ ያዞራል። ክቡርነታቸው «መሣሪያው እንዴት ነው?» ሲሉት፣ «እንከን የለውም!» ይላል። እውነቱን ነው፤ መሣሪያው ምን አደረገ? ወደቡ ነው እንጂ ቦታው ላይ ያልተገኘው።

በዚህ ሁሉ ደስ ያላላቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ የካፒቴኑ አማት። እሳቸውም በጊዜያቸው የዚያችው መርከብ ካፒቴን ነበሩና «ጋሽ ኮከብ» እንላቸዋለን። ጡረታ ወጥተው ደሴቲቱ ላይ ይኖራሉ። ባሕር የሚነዳው በኮከብ፣ በነፋስና በጭቃ ነው ባይ ናቸው። የጭቃው ጥበብ እንዲህ ነው፦ ገመድ ጫፍ ላይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ታስሮ፣ ብረቱ ሞራ ተቀብቶ ወደ ባሕሩ ወለል ይጣላል። ሞራው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ጋሽ ኮከብ ያሸቱታል፤ ከዚያ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱታል፤ ከዚያ ያሉበትን ቦታ ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ቀምሰው «ቤቴ ደጃፍ ደርሰናል» ብለው ነበር ይባላል። ቤታቸው ደጃፍ የደረሱት ግን በማግስቱ ነው።

የካፒቴኑ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ አባቷ ቤት ሄዳ ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ምጥ ያዛት። ሐኪም ቤቱ ያለው ከተማ ነው። ባሏ ሊወስዳት መርከቧን አስጠጋ፤ አባቷ ደግፈው አሳፈሯት፤ ገመዳቸውንም በትከሻቸው አንጠልጥለው አብረው ወጡ። እኔ፣ ልብስ ሰፊውና አንዲት እንቁላል ነጋዴም ተሳፍረን ነበር።

መንገድ አጋማሽ ላይ ጉም ወረደ። እንዲህ ያለ ጉም በዕድሜዬ አላየሁም፤ ያኔም ቢሆን ምኑን አየሁት፣ የራሴን እጅ እንኳ በዳበሳ ነው ያገኘሁት።

«አይዟችሁ» አለ ካፒቴን ሳተላይት። «መሣሪያው ጉም አያውቅም።»

«አንተ ልጄ፣ ሞተሩን ቀስ አድርግ» አሉ ጋሽ ኮከብ።

«አባባ፣ እርስዎ ኮከብዎን ይፈልጉ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«በቀን ምን ኮከብ አለ?»

«እኮ!»

ጋሽ ኮከብ በዚህ ተናደዱና ገመዱን ወረወሩ። ጭቃውን አወጡ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«የደሴቲቱ ጭቃ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰናል፤ አዙር!»

«መሣሪያው ወደ ፊት ነው የሚለው!»

«መሣሪያህ ጭቃ ቀምሶ ያውቃል?»

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ሁለቱ ብርቱዎች አንድ መሪ ሲይዙ ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም፤ እኛ ግን አየነው። አንዱ ወደ ግራ ሲስብ አንዱ ወደ ቀኝ፣ መርከቧ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገድ ጀመር። ሚስትዮዋ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድማ የእንቁላል ነጋዴዋን እጅ ጨብጣለች።

«ደረስን ወይ?» ትላለች በየመሀሉ።

በዚህን ጊዜ የመሣሪያዋ ሴት በዚያ በጨዋ ድምፅዋ፣ «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» አለች። ካፒቴኑ ሞተሩን አቀዘቀዘና ፊቱ በራ።

«ተሳፋሪዎች፣ ደርሰናል! ዕቃችሁን እንዳትረሱ።»

ልብስ ሰፊው መውረጃውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ፤ መልሶ አስገባው።

«ካፒቴን፣ ውሃ ነው።»

«በመሣሪያው መሠረት መሬት ነው።»

«ጫማዬ ረጥቧል እኮ!»

«እርጥብ መሬት ይሆናል» አለ ካፒቴኑ።

ወዲያው ከመርከቧ ሥር ገርገጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቋጥኙ ነው። ሁላችንም ደነገጥን። እንቁላሎቹ ተንሸራተው ግድግዳውን መቱ። አማትና አማች ግን አሁንም መሪው ላይ ናቸው፤ አንደኛው «ጭቃው!» ሌላኛው «ሳተላይቱ!» እየተባባሉ።

«ዝም በሉ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሚስትዮዋ ናት። «ሁለታችሁም ዝም በሉ! አንተ፣ ሞተሩን አጥፋ! አባዬ፣ እጅህን ከመሪው ላይ አንሳ!»

«የእኔ እመቤት፣ መሣሪያው...»

«አጥፋ አልኩህ! ልጄን ድንጋይ ላይ ልታስወልደኝ ነው?»

ሞተሩ ጠፋ። እኔ በዚያች ቅጽበት የሰማሁትን ጸጥታ አልረሳውም። ከዚያ በስተቀኝ፣ ከጉሙ ወዲያ፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ዓሣ! የዛሬ ዓሣ!» አለች።

«ከተማው ያ ነው» አለች ሚስትዮዋ ጥርሷን ነክሳ። «ወደዚያ ሂዱ።»

ካፒቴኑ መሣሪያውን ተመለከተ። ጋሽ ኮከብ ጭቃቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ሁለቱም በመቅዘፊያ ከቋጥኙ ገፍተው አላቀቁንና፣ በዓሣ ሻጯ ድምፅ እየተመራን ቀስ እያልን ሄድን። ወደቡ ስንደርስ ልጁ ሐኪም ቤት ድረስ አልጠበቀም፤ እዚያው በእንቁላል ነጋዴዋ እጅ ተወለደ። ወንድ ነው። ካፒቴኑ ሚስቱ እግር ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ጋሽ ኮከብም ጭቃ በነካው ምላሳቸው መርቀው፣ ጭቃ በነካው እጃቸው እንዳያቅፉ ተከለከሉ።

ክቡርነታቸው ነገሩ በዋዛ እንዲታለፍ አልፈቀዱም። አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ካፒቴኑ መሣሪያው እንዳልተሳሳተ አስረዳ። ጋሽ ኮከብ ጭቃው እንዳልተሳሳተ አስረዱ። ሚስትዮዋ ልጇን ታቅፋ ተነሳችና፣ «ወደቡ ያለበትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለምን አናይም? ለምን አንሰማም?» አለች።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» አሉ ክቡርነታቸው። እሷ ምጥ ላይ እንደነበረች የሚያውቁት ግን አንገታቸውን ደፉ።

ኮሚቴው በጥልቀት መረመረ። መሣሪያው ካልተሳሳተ፣ ጭቃው ካልተሳሳተ፣ ካፒቴኑም ጋሽ ኮከብም ካልተሳሳቱ፣ የቀረው ተጠርጣሪ ወደቡ ብቻ ነው። ወደቡም ራሱን ለመከላከል ያቀረበው አንዳች ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከነበረበት ተነስቶ መሣሪያው ወደሚያሳየው ቦታ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አማትና አማች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሐሳብ ተስማሙና ተቃቀፉ። ጋሽ ኮከብም በዕለቱ የባህላዊ አቅጣጫ አማካሪ ሆነው ተሾሙ።

ሥራው ተጀመረ። ቋጥኙ ተፈለጠ፤ የአሮጌው ወደብ ሳንቃ እየተነቀለ አዲሱ ላይ ተመታ። ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ሳይዋሹ ለመናገር፣ ያማረ ነበር። ለምረቃው ከተማው ሁሉ ወጣ። ክቡርነታቸው መቀስ ይዘው ሪባኑ ፊት ቆሙ፤ ሙዚቀኞቹ ጥሩምባቸውን ወለወሉ። ሚስትዮዋም ልጇን አዝላ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። መርከቧ ከደሴቲቱ ተነስታ አዲሱን ወደብ መርቃ እንድትከፍት ነው የሚጠበቀው።

መርከቧ መጣች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እያየናት መጣች፤ እያየናት አጠገባችን ደረሰች፤ እያየናት አለፈችን። ጋሽ ኮከብ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልን። ሄዳ ሄዳ፣ ባዶ ቋሚ ብቻ የቀረበት አሮጌው ወደብ ዘንድ ቆመች።

ክቡርነታቸው ስልካቸውን አወጡ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«የት ነው ያለኸው አንተ?»

«ደርሰናል ክቡርነትዎ!» አለ ካፒቴን ሳተላይት። «የካርታው ሰዎች ትናንት ስሕተታቸውን አርመው መሣሪያውን አድሰውታል። አሁን ፍጹም ትክክል ነው። አባባም ጭቃውን ቀምሰው አረጋግጠዋል።»

«እኛ እኮ አዲሱ ወደብ ላይ ነን!»

በስልኩ ውስጥ መስታወት በጣት ሲመታ ተሰማ። ካፒቴኑ መስታወቱን እያየ እንደሆነ ገባን።

«ክቡርነትዎ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ወደብ የለም። ጥልቅ ባሕር ነው የሚለው። እባክዎ ሕዝቡን ይዘው በፍጥነት ይውጡ!»

ክቡርነታቸው እግራቸውን ተመለከቱ። ሳንቃውን ተመለከቱ። ሪባኑን ተመለከቱ። ከዚያ መቀሱን ጣሉና፣ «ወገኖቼ፣ ሳትደናገጡ ራሳችሁን አድኑ!» ብለው ቀድመውን ወደ ኮረብታው ሮጡ። ሙዚቀኞቹ ተከተሉ። እኔም፣ ምን አባቴ አደርጋለሁ፣ ሮጥኩ።

ወደቡ ላይ ከልጇ ጋር የቀረችው የካፒቴኑ ሚስት ብቻ ናት። ከላይ ሆነን «ሽሽ! ሰጠምሽ!» ብለን ጮህንላት።

«ቀስ በሉ» አለችን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ልጁን ትቀሰቅሱታላችሁ።»