በእጅ ጋሪ ማረፍ

[ቢቸና ዳር፣ የግጦሽ ሜዳ። አካለ ወልድ የአብራሪነት ተማሪ ነው፤ ለበዓል አገሩ መጥቷል። ሰኞ አውሮፕላን የማሳረፍ ፈተና አለበት፤ ከወደቀ ይባረራል። ያጎቱ ልጅ ፋንታ የገበያ ዕቃ የሚያመላልስበትን ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ይዟል። አካለ ወልድ ጋሪው ውስጥ ጉብ ብሏል።]

ፋንታ፦ ፊቱ ጎማው ያለበት ነው አልኩህ እኮ!

አካለ ወልድ፦ አንተ ደግሞ! አውሮፕላን ሲያርፍ ቀድሞ መሬት የሚነካው የኋላ ጎማ ነው። ስለዚህ ጎማው ያለበት ኋላው ነው።

ፋንታ፦ እንግዲያው ወደ ኋላ ልጎትትህ?

አካለ ወልድ፦ ወደ ፊት ግፋኝ!

ፋንታ፦ ወደ የትኛው ፊት?

አካለ ወልድ፦ ኧረ በማርያም! ከአንተ ጋር ሰው እንዴት ይሠለጥናል? ዝም ብለህ ግፋ። ሌሎቹ ተማሪዎች መጽሐፍ ሲያገላብጡ እኔ ትምህርቱን እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። የኔታ እጅ ያደገ ልጅ ይጠፋዋል?

ፋንታ፦ [እየገፋ] በል እሺ፣ ካፒቴን።

አካለ ወልድ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዜማ] ፍጥነትህን ቀንስ፤ ዓይንህን ከማረፊያው ማዶ ጫፍ ጣል…

ፋንታ፦ ጨፍነህ?

አካለ ወልድ፦ አታቋርጠኝ! አጠፋህብኝ። ከመነሻው! ፍጥነትህን ቀንስ…

ፋንታ፦ ከፊታችን ላም አለች።

አካለ ወልድ፦ ላም በመጽሐፉ የለችም!

ፋንታ፦ ሜዳው ላይ ግን አለች።

አካለ ወልድ፦ ይኸው ደግሞ ተሳሳትኩ! ከመነሻው! ፍጥነትህን ቀንስ…

ፋንታ፦ ልቀንስ?

አካለ ወልድ፦ አንተን አይደለም፣ ትምህርቱ ነው! ግፋ! ዓይንህን ከማዶ ጫፍ ጣል፤ መሬቱ ሲቀርብ አፍንጫውን ቀስ አድርገህ ቀና…

[ጋሪው ላሟን ለጥቂት ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። አካለ ወልድ በግንባሩ ተደፋ።]

አካለ ወልድ፦ [ጭቃ እየተፋ] አንተ ደነዝ! ለምን አልቆምክም?

ፋንታ፦ አልጨረስክማ! አታቋርጠኝ አላልከኝም?

አካለ ወልድ፦ ድሮስ ከጋሪ ገፊ ምን ይጠበቃል!

ፋንታ፦ ቆይ እስኪ፣ እኔ ሞኙ ልጠይቅህ። እላይ ሆነህ ስትሳሳትስ?

አካለ ወልድ፦ ከመነሻው እጀምራለኋ።

ፋንታ፦ አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቅሃል?

አካለ ወልድ፦ ምን ይጠብቀኛል? እሱማ ይወርዳል።

ፋንታ፦ ትምህርቱን ደግመህ ጨርሰህ ታውቃለህ?

አካለ ወልድ፦ መጨረስ እንኳ አልጨረስኩም። ገና ግማሹ ላይ ስደርስ ጎማው መሬት ነክቶ አገኘዋለሁ። ለስለስ ብሎ፣ ቅቤ በለው! መምህሬ ራሱ ላቡን እየጠረገ «ተመስገን!» ይላል። ተደንቆብኝ ነው።

ፋንታ፦ ያኔ እጁ የት ነው?

አካለ ወልድ፦ የማን?

ፋንታ፦ የመምህሩ።

አካለ ወልድ፦ መሪው ላይ ነዋ። እሱም የራሱ መሪ አለው። በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ነው የሚይዘው። ልማድ ይሆናል።

ፋንታ፦ ሰኞም እሱ ነው?

አካለ ወልድ፦ ሰኞማ ሌላ ፈታኝ ነው። እሱ ምንም አይነካም፤ እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀ…

ፋንታ፦ ጨርሰው እንጂ።

አካለ ወልድ፦ ፋንታ… እስካሁን ያሳረፍኩት እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?

ፋንታ፦ እኔ ምን አውቄ? ጋሪ ገፊ አይደለሁ?

አካለ ወልድ፦ ወይኔ ጉዴ! አባቴ እኮ እስከ ሞጣ ድረስ «ልጄ ካፒቴን ሆነ» ብሎ አውርቷል። ሰው ፊት እንዴት ልቆም ነው? ምን ይሻለኛል?

ፋንታ፦ ፈታኙ ልጆች አሉት?

አካለ ወልድ፦ አሉት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምነው?

ፋንታ፦ በል ስልክህን አውጣና ደውልለት። «ገና አልቻልኩም፤ ፈተናው ይዘግይልኝ» በለው።

አካለ ወልድ፦ [የፋንታን ትከሻ ይዞ] ስሰድብህ ውዬ እንዲህ ታስብልኛለህ፣ ፋንታ?

ፋንታ፦ ለልጆቹ ነው።