የጎደለው የውሃ ጎማዬ

በየቤተሰቡ፣ ዓለም ላይ ቆሻሻ የሚባል ነገር መኖሩን የማይቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ባዶ ጠርሙስ ሲወረውር እሱ አየር ላይ ይቀልበዋል። ለእኛ ቤት የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ክብርት የጠርሙስና የክዳን ጠቅላይ አዛዥ። «አትጣሉት፣ ያስተምራል» ትላለች። እሷ እኛ ቤት ካለች ባለቤቴ የተቀደደ ካልሲ የምትጥለው እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይታ ነው።

ካልሲው አባ ጨጓሬ ይሆናል፤ የእንቁላሉ ካርቶን የአዞ ጥርስ። ጃንጥላዬ ሸረሪት ሆኖ ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል እንኳ ችዬ ዝም ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አትክልት ላጠጣ ስወጣ የውሃ ጎማዬ ክንድ ያህል ጎድሎ አገኘሁት። ማን እንደቆረጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቷ ገሰገስኩ።

«ጎማዬን» ብዬ በሩን ስገፋ እትዬ ቀና እንኳ አላለችም።

«ልጆች፣ ታማሚያችን መጣልን። ጫማውን አውልቁለት።»

ልጆቹ ቀይ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ስፖንጅ እየጨመቁ ነበር። ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ጨመቅ፣ ለቀቅ።

«ልብ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ አንዱ፣ በቀይ እጁ ነጭ ሸሚዜን ይዞ። «አታውቅም ነበር?»

ምንጣፍ ላይ አጋደሙኝ። ጎማዬ በሁለቱም ጫፉ የጠርሙስ አንገት ተገጥሞለታል፤ አንዱ ደረቴ ላይ፣ ሌላው ጆሯቸው ላይ።

«ቲቸር፣ ያጉረመርማል።»

«ከፍ አድርገው የኔ ጌታ። እሱ ቁርሱ ነው።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «አባባ የምትላቸው አያቷ ካረፉ ወዲህ አትሮጥም። ልባቸው ደክሞ ነው ብለዋት፣ የራሷን እየቆጠበች ነው።»

ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ጋሼ ግቢውን በሩጫ ዞሮ ይምጣ» አለች።

«እትዬ፣ በዚህ ሆዴ?»

«ለሱ ነው የፈለግኩህ።»

ዞሬ መጥቼ ምንጣፉ ላይ ተዘረርኩ። የጎማው ጫፍ ለልጅቷ ተሰጣት።

«ሊወጣ ነው» አለች፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

«ጆሮሽን አታንሺ» አለቻት እትዬ።

እኔም ልቤን፣ አደራህን፣ በልጅ ፊት አታዋርደኝ እያልኩ እለምነው ነበር።

«ቀስ አለ» አለች ልጅቷ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ማነው ቀስ በል ያለው?»

«ማንም። ስንሮጥ ይፈጥናል፣ ስንቀመጥ ቀስ ይላል። ሥራው ነው፤ ሩጫ አይጨርሰውም።»

«የአባባስ?»

«የአባባ አርጅቶ ነበር፣ ታሞም ነበር» አለች እትዬ፣ ቃል ሳታለሳልስ። «ያንቺ ገና አዲስ ነው።»

ልጅቷ አሰበችበት። አሰበችበትና ፈረደችብኝ። «ጋሼ ደግሞ ይሩጥ።»

ሮጥኩ። አዳመጠችኝ። እንደገና አስነሳችኝ። በሦስተኛው ዙር ከኋላዬ ትንንሽ ጫማዎች ቸብ ቸብ ሲሉ ሰማሁ፤ ወዲያውም ልጅቷ በጎኔ አልፋኝ ሄደች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ጎማዬን ሳልጠይቅ ወጣሁ። አሁን ቤት የቀረው ጎማ ጥግ ያለችው ጽጌረዳ ጋ ለመድረስ ክንድ ያህል ይጎድለዋል። ባለቤቴ «ሌላ ግዛ» ትላለች። እኔ ለጽጌረዳዋ ውሃ የማደርስላት በባልዲ ነው፤ የሚያይ ሰው ከሌለ ደግሞ እየሮጥኩ።