እትዬ ዘነበች የሰፈሩበት ባቡር

የአራዳ ሰው «መንገድ ጀመርኩ» ካላችሁ አትመኑት! ገና ደጁን አላለፈም። ይህን የምለው የሰፈሬን ስም ለማጥፋት አይደለም፤ እኔው ራሴ በቆመ ባቡር ድሬዳዋ ልደርስ ምንም አልቀረኝም ነበር...

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ ድሬዳዋ ወልዳለች። የሕፃኑ አርባ ቀን እሑድ ይሞላል። የክርስትናው ነጠላ፣ እትዬ በእጃቸው የፈተሉት፣ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ከእሑድ በፊት ደግሞ የመንገደኛ ባቡር ያለው ኀሙስ ጠዋት ብቻ። እሱ ካመለጠ አያትም ነጠላም የሌለበት ክርስትና ሆነ ማለት ነው።

እትዬ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሄዱት በበቅሎ ነው። የበቅሎ መንገድ ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እምብዛም አይራቅም። ከከተማው ዳር ይሰፈርና የተረሳ ነገር ካለ ሰው ተልኮ ይመጣል።

«ባቡርም ቢሆን መንገድ ነው» አሉ። «ቀድመን ሄደን እንሰፍራለን!»

«እትዬ፣ ባቡር እኮ በሰዓቱ ነው የሚነሣው...»

«እሱ በሰዓቱ ይነሣ፤ እኔ በሰዓቴ እሰፍራለሁ።»

ምን ትሏቸዋላችሁ? ኀሙስ ገና ሳይነጋ እኔና ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ወልዴ ስንቁን ተሸክመን ከአራዳ ቁልቁል ወረድን። ለገሃር ስንደርስ የጣቢያው በር ገና አልተከፈተም። በጓሮ በኩል ግን፣ ከጉዞ የተመለሱ ፉርጎዎች ተራቸው እስኪደርስ ሐዲድ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። እትዬ እንደ በቅሎ ገዢ እየዞሩ መረመሯቸው። የአንዱን መንኮራኩር በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉና «ይኼኛው ደህና አጥንት አለው!» ብለው ወጡ። እኛም ሸኚዎቹ ተከተልን። ስንቁ ተፈታ፣ ጭኮው ተቆረሰ፣ ጨዋታው ደራ...

ድንገት ፉርጎው ተንገጫገጨ። መሄድ ጀመረ!

«ሱቄን! ኧረ እኔ ሸኚ ነኝ!» እያሉ ጋሽ ወልዴ ወደ በሩ ሲሮጡ፣

«ወልዴ፣ ተቀመጥ! ከሚሮጥ ባቡር ይወረዳል እንዴ?» ብለው እትዬ በጋቢያቸው ጎትተው መለሷቸው።

ጥቂት ሄዶ ቆመ። ጋሽ ወልዴ አንድ ጊዜ ለሸቀጥ ተሳፍረው ስለነበር አዋቂያችን እሳቸው ሆኑ።

«አቃቂ ደረስን» አሉ።

ደግሞ ወደ ኋላ ተጎተተ።

«ዱከም ነው። እዚህ ጋ መንገዱ ይጠመዘዛል።»

«እንጦጦ ግን አሁንም ከፊታችን ነው» አልኩ በመስኮት አይቼ።

«ትልቅ ተራራ ነዋ! ምን ይደረግ?»

ቀጥሎ ውኃ መስኮቱን ይደበድበው ጀመር። ሰማዩን ባያችሁት... ጥርት ብሏል!

«የቆላ ዝናብ ነው፤ ደመና አይጠብቅም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ዝናቡ ግን መወልወያ ይዞ ነበር! አንድ ሰው ከነባልዲው በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እናንተ! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ድሬዳዋ እየሄድን ነዋ ልጄ። የት ደረስን?» አሉ እትዬ።

«የት ትደርሳላችሁ! ይኼ ተራው ያልደረሰ ፉርጎ ነው። ልናጥበው ከዚያኛው ሐዲድ ወደዚህ ገፋነው። የድሬዳዋው ከሄደ ቆየ!»

እትዬ ነጠላውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ልጁ ያለ ነጠላ ሊጠመቅ ነው!» አሉ። አጣቢውም ሆዱ ባባ መሰለኝ፤ ባልዲውን ጥሎ ሮጠና ከቀትር በኋላ በሚነሣ የዕቃ ባቡር ላይ፣ ከቡና ጆንያ መካከል ቦታ ለመነላቸው።

«በሉ፣ ሁለተኛ እንዳትሸኙኝ!» ብለውን ሄዱ።

የቀረውን የነገረን አማቻቸው ነው። ባቡሩ ቅዳሜ ድሬዳዋ ገባ፤ እትዬ ግን ከጆንያው ላይ አልወርድም አሉ።

«ደርሰዋል እኮ፣ እናቴ!» አላቸው ሊቀበላቸው የመጣው አማቻቸው።

«ዳግመኛ አታሞኙኝም። ለገሃር ነው!»

«ሙቀቱስ?»

«እሳቱን አቀጣጥለውት ነዋ!»

ሠራተኛው ለመነ፣ ተሸካሚው ለመነ... ንቅንቅ! በመጨረሻ ልጃቸው ሕፃኑን ይዛ ወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ እማዬ፣ ለገሃር ከሆነ ይኼን ማን ወለደው?»

እትዬ ሕፃኑን አገላብጠው አዩት። አማቻቸውንም ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሕፃኑን በነጠላው ጠቀለሉና፣

«እውነት ነው፣ ደርሰናል» አሉ። «እንዲህ ያለ አፍንጫ ለገሃር አይገኝም!»