ትልቅ ዲናሞ፣ ቀጭን ሽቦ

ለመኪናው ትልቅ ዲናሞ አስገጥሞ ለሽቦው የሚሰስት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወልጃለሁ። ልጄ ቶሎሳ ከአምቦ ጊንጪ ሰው በሚያመላልስባት አሮጌ መኪና ላይ ከጭነት መኪና የወጣ ዲናሞ አሰረባት። መብራቷ ሰፈሩን አጥለቀለቀው፤ እኔ ግን የድሮውን ቀጭን ሽቦ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ።

«እማ፣ ሽቦ ምን ጊዜም ሽቦ ነው!» አለኝ። ሹፌር አይደል? ሁሉን ያውቃል።

ሳልመርቀው ከደጅ ወጥቶ አያውቅምና ምርቃቴን ከለከልኩት። ደጃችን ላይ የተሳፈሩት ገበያተኞች፣ «አዴ፣ ኧረ ይመርቁት፣ ገበያው ሊያመልጠን ነው!» ብለው ለመኑኝ። የምትቃጠሉት እናንተ፣ የምትቸኩሉትም እናንተ! ሽቦው ካልተቀየረ እምቢ አልኩ።

ቶሎሳ ሄዶ ወፍራም ሽቦ ገዝቶ ቀየረ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ መብራቱን ያበራልኛል፤ እኔም መጀመሪያ ሽቦውን ዳብሼ፣ ካልጋለ ብቻ ልጄን እመርቃለሁ።