ቬንትሌተሬ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ

ከበሽታ ሁሉ የከፋው እንግዳ አክባሪነት ነው። ወባ ቢይዛችሁ ኪኒን አለው። «እንግዳ ሊመጣ ነው» የሚባለው ሲይዛችሁ ግን ከጎረቤት ብርጭቆ ትዋሳላችሁ፣ የሶፋው ቀዳዳ ላይ ዳንቴል ትጥላላችሁ፣ «ምን ጎደለብን» እያላችሁ ትስቃላችሁ። አልያዘኝም የምትዪ ካለሽ፣ ልጆችሽ እንዳይነኩት ከቁም ሳጥኑ ላይ የሰቀልሽውን ሰሃን አስቢው።

አዋሽ ሰባት ላይ ይሄ በሽታ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ድረስ ገባብን።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ስጋታም ነኝ። ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በደንብ መፍላቱን ስለምጠራጠር እንደገና እጥደዋለሁ። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። «ገዋኔን አልፌያለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ሲለኝ «በየት በኩል?» እለዋለሁ... መንገዱ አንድ መሆኑን እያወቅኩ። በዚህ ላይ ያን ሰሞን መውለጃዬ ተቃርቦ ነበር። አስቡት እንግዲህ።

እንቅልፍ የነሳኝ የማዋለጃ ክፍሉ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በፀሐይ መጥለቂያ በኩል። ከሰዓት በኋላ ሊጥ ይዞ የገባ ሰው ዳቦ ይዞ ይወጣል። ውሃ የለው፣ መጋረጃ የለው። ሌላ ከተማ ሄጄ ልውለድ ብል ደግሞ በዚያ ሁሉ ከባድ መኪና መሃል ምጥ ይዞኝ ስጓዝ ይታየኛል።

ስለዚህ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ዘሃራ የሰፈሩን ሰው ሰብስባ፣ «ከሰመራ የበጀት ኃላፊ ይመጣሉ፤ ክፍሉን አይተው ችግር መኖሩን ካመኑ ገንዘብ ይፈቅዱልናል» ስትለን ከእኔ ቀድሞ ሆዴ ውስጥ ያለው ዘለለ።

የጎረቤቴ የፋጡማ ፊት ግን ጠቆረ።

«እንግዳ ከሰመራ ድረስ በዚህ ሙቀት መጥቶ፣ እዚህ ምድጃ ውስጥ ልንቀበለው? ነውር ነው።»

«ፋጡማ፣ እሳቸው እኮ የሚመጡት ችግሩን ሊያዩ ነው» አለች ሲስተር።

«ችግሩን በአፋችን እንነግራቸዋለን። ቤቱን ግን እናሳምረው።»

እውነቷን ነው ተባለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልዋሻችሁም። በማግስቱ ፋጡማ ከተዳረችበት ጊዜ ጀምሮ አጥፋ ያስቀመጠችውን መጋረጃ አመጣች። የጋራዡ አሰፋ በርሜል አጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ አስቀመጠ። ሻይ ቤት ያላት አልማዝ ወንበሮች ላከች። እኔ ቬንትሌተሬን ሰጠሁ።

ሰጠሁ ስል... ልጅ ወደ ሩቅ አገር እንደሚሸኝ ነው የሸኘሁት። ባለቤቴ ጂቡቲ ጠረፍ፣ ዲቾቶ ላይ ገዝቶ፣ ጭነቱ ላይ አስሮ ያመጣልኝ ነው። ላስቲኩን እንኳን አልገፈፍኩትም።

«ከሁለት ቁጥር በላይ አታድርጉት፣ ይግላል» አልኩ። «ሰው ላይም ቀጥ አድርጋችሁ አታዙሩት፤ ብርድ ይመታል።»

«አዋሽ ላይ ብርድ የመታው ሰው ካገኘሽ ጥሪኝ» አለች ፋጡማ፤ «በሩጫ መጥቼ አየዋለሁ።»

ኃላፊው ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰው እንግዳውን ሊቀበል ሄደ፣ እኔ ቬንትሌተሬን ልጠብቅ። ሰውዬው ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ገቡና ከፋጡማ መጋረጃ ስር፣ ከአልማዝ ወንበር ላይ፣ ከእኔ ቬንትሌተር ፊት ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አልሐምዱሊላህ... የእኔ ቢሮ እንኳን እንዲህ አይነፍስም።»

ፋጡማ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ አየሽ፣ ማለቷ ነው።

ኃላፊው በርሜሉን ከፍተው አዩ። መጋረጃውን ዳሰሱ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ማሻአላህ። ይሄ ለሌላው ሞዴል የሚሆን ነው። እናንተ ዘንድ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ገንዘቡን ለተቸገረው ብናደርገው ይሻላል።»

የፋጡማ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ኧረ ችግር አለብን» አለች ሲስተር ዘሃራ።

«ምን ችግር?»

ሲስተር ዞር ዞር ብላ አየች። ውሃ የለንም እንዳትል በርሜሉ ተገትሯል። ሙቀቱ እንዳትል ሰውዬው ፀጉራቸው በነፋስ ይርገበገባል። ችግራችንን ሁሉ በገዛ እጃችን ደብቀነው የምታሳየው አጣች። ቬንትሌተሬ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ራሱን እየነቀነቀ «የለም፣ የለም» ይላል። ከመሃላችን እውነቱን የተናገረ እሱ ነበር።

ያን ምድጃ አሰብኩ። በዚያ ምድጃ ውስጥ የምተኛው እኔ መሆኔን አሰብኩ። ሄጄ ነቀልኩት።

«መብራት ሄደ?» አሉ ኃላፊው።

«አልሄደም። ቬንትሌተሩ ነው የሚሄደው። የእኔ ነው።»

ፋጡማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ፣ አዋረድሽን።»

«ፋጡማ፣ እዚህ የምወልደው እኔ ነኝ።»

የቆመው አየር ወዲያው መጥቶ ላያችን ላይ ተቀመጠ። ከኋላ አሰፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በርሜሉም... የጋራዡ ነው። ቧንቧው እዚህ አልደረሰም።»

ሁሉም ወደ ፋጡማ ዞረ። ሄዳ መጋረጃዋን በአንድ ጉተታ አወረደችው። የከሰዓት ፀሐይ የሰውዬውን ፊት በጥፊ መታው። እንዳይቀደሙ ብለው መሰለኝ፣ ከወንበሩ ተነሡ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«ግድ የለም ይቀመጡ» አለች አልማዝ ከበሩ ላይ፤ «ሻይ ጠጪ እስኪመጣ ነው።»

«ታዲያ የጤና ጣቢያው የራሱ የሆነ ምን አለ?»

ሲስተር ዘሃራ ግንባሯን ጠረገች። «ሙቀቱ።»

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ላባቸው ይንጠባጠብ ጀመር። «ስመጣ ያየኋቸው ጤና ጣቢያዎችም ሁሉ አምረው ነበር» አሉ ለራሳቸው፤ «እዚያስ የማን መጋረጃ ይሆን?»

ገንዘቡ ተፈቀደልን። ብቻ የተፈቀደ በጀትና ባለቤቴ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «መንገድ ላይ ነኝ» ይላሉ። ምጤ ቀደማቸው። ፋጡማ ቬንትሌተሩን አቅፋ፣ መጋረጃዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከፊት፣ እኔ ግድግዳ እየያዝኩ ከኋላ ሆነን ጤና ጣቢያው ገባን።

«ስንት ላይ ላድርገው?» አለችኝ፣ እኔ እያማጥኩ።

«ሁለት ላይ... ቀጥ አድርገሽ አይደለም...»

«አውቃለሁ፤ ብርድ ይመታሻል።»

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ደህና ናት። ልወጣ ስል ሌላ ምጥ የያዛት ገባች፤ አቅሟ ሁሉ ከድቷታል፣ ላቧ ይወርዳል። ቬንትሌተሩን እንዴት ብዬ ልንቀለው? ከእሷም በኋላ ሌላዋ ገባች። እኔ ቤት ሆኜ ልጄን በካርቶን አራግባለሁ፤ በየቀኑም ሰው ልኬ «ሁለት ላይ ነው?» እያልኩ አስጠይቃለሁ።

ባለቤቴ ከጂቡቲ ሲመለስ ልጃችንን ሳመና ቤቱን ዙሪያውን አየ።

«ቬንትሌተሩስ?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል።»

«ደመወዙስ?»

«ተፈቅዷል» አልኩት፤ «መንገድ ላይ ነው።»