የአቶ ካሲያን ዱካ

ተራራ ባለበት አገር ሁሉ ተራራውን ራሱ ያቆመው የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር ድንጋዩን ሲከምር አጠገቡ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ! አይ፣ በዛ!» ሲል የነበረ ይመስላችኋል። በኛ በቲሮል ሸለቆ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ካሲያን ሌክታለር ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በኛ አገር ከሺህ ሜትር ከፍታ በላይ አንቱ መባባል የለም፤ ሐኪሙም፣ ከንቲባውም፣ ቄሱም «አንተ» ናቸው። መንደራችን ዘጠኝ መቶ ሜትር ላይ ናት፣ የመኪና ማቆሚያው ግን ሺህ ሁለት መቶ። ይህ ወሬ ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ክቡርነታቸውን ከታች ትቼ «ካሲያን» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ካሲያን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ደብዳቤውን ሳይከፍት ውስጡ ያለውን ያውቃል ይባልለት ነበር። አሁን ደግሞ በረዶውን ሳይረግጥ ያውቃል። ማለዳ በሩን ከፈት አድርጎ አፍንጫውን ያወጣና «ከላይ ዱቄት፣ ከሥሩ ስኳር፣ ከስኳሩ ሥር ተንኮል» ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ግዛቱ ሻፍኮግል የምትባል ተራራ ነች። በየመጽሔቱ «ለጀማሪ የምትሆን፣ ረጋ ያለች» እየተባለ ስለሚጻፍላት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ስኪ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ መኪናው ጣሪያ ላይ ያሰረ ሁሉ ይመጣል። ሥራው ስኪ ተጫምቶ ሽቅብ መሄድ ነው። የሚጎትት ገመድ የለም፤ ከስኪው ሥር ፀጉራም ቆዳ ይለጠፍና ወደ ኋላ እንዳትንሸራተቱ በረዶውን ይይዝላችኋል። ሁለት ሰዓት ተለፍቶ ጫፍ ይደረሳል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ከዚያ በአሥር ደቂቃ ተንሸራቶ መውረድ ነው። ለዚህ ብቻ? የሚል ሰው ቤቱ ይቀመጥ።

እኛ ሰባት ነን። ሁላችንም ዕድሜያችን ከገፋ በኋላ የጀመርን የሸለቆው ልጆች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን። የሚያሰባስበን ሮስቪታ ነች፤ የሸለቆው አውቶብስ ሾፌር፣ ሳቋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት። ጥርስ ሐኪሙ ኮርቢኒያን አለ፤ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ደፋር፣ በረዶ ላይ ሲቆም ፈሪ። እኔም አለሁ፤ ብቻዬን ከምኖርበት ቤት የምወጣበት ምክንያት ስለጠፋኝ ነው የጀመርኩት። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለጤናዬ ነው እላለሁ።

ካሲያን ቀድሞን ማለዳ ወጥቶ፣ ለጀማሪው ሁሉ ዱካ ከፍቶ፣ ወርዶ መኪና ማቆሚያው ላይ ይጠብቀናል። ዱካ መክፈት ማለት ማንም ያልረገጠውን በረዶ እስከ ጉልበት እየሰመጡ መጀመሪያ መርገጥ ነው፤ የኋለኛው በተረገጠው ላይ ይንሸራሸራል። ታዲያ ማን አመሰገነው? አመስግኑት ቢባልስ ማን ፋታ ያገኛል?

«ይሄ ምንድን ነው?» ይላል ኮርቢኒያንን ከላይ እስከ ታች እያየ።

«ጃኬት ነው።»

«ጃኬት መሆኑንማ ዓይን አለኝ። ቀለሙን ነው። አሞራ ልታስደነግጥ ነው የመጣኸው?»

ከዚያ ወደ ሮስቪታ ይዞራል። የበረዶ ናዳ ቢውጠን ያለንበትን የምትናገር ትንሽ መሣሪያ ደረታችን ላይ እናስራለን፤ እሷን አንድ በአንድ ሳይፈትሽ ማንንም አያሳልፍም። «ያንቺዋ ትጮኻለች ወይስ እንደ ባለቤቷ ተኝታለች?»

«አንተ እያለህ ማን ይተኛል!» ትለዋለች።

በመጨረሻ ቃለ ቡራኬው ይመጣል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልለወጠም፦ «ሌላ ነገር እንዳታስቡ። ማሰቡን እኔ ጨርሼዋለሁ። ዱካዬን ብቻ ተከተሉ።»

«ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ጅል ነው» ማለትም ይወዳል። «አንተስ?» ስንለው «እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ ከተራራዋ ጋር ነኝ» ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብሮት መውጣት የሚፈልግ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የዘንግህ አያያዝ፣ የጫማሽ አተሳሰር፣ የትንፋሽህ አወጣጥ ሲባል ማን ይችላል? ብቸኛ ነበር። እናውቅ ነበር፤ አውቀን ዝም አልን።

ድሮ አብራው የምትወጣ ሰው ነበረችው፤ ሚስቱ ፊሎሜና። ካረፈች ሦስተኛ ክረምቷ ነው። ግራ ጉልበቷ ታማሚ ስለነበር ካሲያን ዱካውን የሚሠራው ለዚያ ጉልበት ነበር። ሌላው ሰው በስድስት መታጠፊያ የሚወጣውን እሱ ዳገቱን እያለዘበ በዐሥራ ዘጠኝ ይወጣዋል፤ ከሞተችም በኋላ አንዱን አልቀነሰም። መጽሔቱ ተራራዋን ያመሰግናል እንጂ ሻፍኮግል ረጋ ያለች አይደለችም። ረጋ ያለው ዱካው ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ወደ ኋላ አይዞርም። ፊሎሜና ከኋላው «ካሲያን፣ እስቲ አንዴ ዞር በል» ስትለው «ምን ልሁን ብዬ? ዱካው ወደፊት ነው» ይላት ነበር። ይህን ደግሞ እንደ ጀግንነት ነበር የሚያወራው። «ሠላሳ አንድ ዓመት! አንድ ቀን ዞሬ አላየሁም። ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ይበቃል።»

አሁን ወደዚያች የየካቲት ቅዳሜ ልምጣ።

ሦስቱ ጥዶች ጋ መንገዱ ይከፈላል። የጀማሪው ወደ ግራ ነው። በቀኝ በኩል «ገንዳው» የምንለው ሸለቆ አለ፤ ከላይ የተንጠለጠለ በረዶ ሁሉ መውረጃው እሱ ነው። ከገንዳው ማዶ አሮጌ የድርቆሽ ጎተራ አለ፤ ካሲያንና ፊሎሜና በተጋቡ ሰሞን ገንዳውን እየተሻገሩ ዳቧቸውን ይበሉበት የነበረ። ያቺ ቅዳሜ የፊሎሜና ሙት ዓመት ነበረች። ካሲያን ጎህ ሲቀድ፣ በረዶው በሌሊቱ ብርድ ጸንቶ ባለበት ሰዓት፣ ወደ ግራ መታጠፉን ትቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ለአንድ ቀን የራሱን መንገድ ሄደ፤ በቃ። ከኋላው የሚቀረው ዱካ የሱ ብቻ አለመሆኑን ረሳው።

እኛ ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ የለም። እውነት ለመናገር ደስ አለን። ጃኬታችንን ሳንሰደብ ተነሣን። ሦስቱ ጥዶች ጋ ስንደርስ ኮርቢኒያን ቆመ። «ግራ አልነበረም እንዴ?»

«ዱካው ወደ ቀኝ ነው» አልኩት።

«አይ፣ እኔ መስሎኝ...»

«ማሰቡን እኔ ጨርሼዋለሁ ብሏል እኮ!» አለች ሮስቪታ። ስቀን ገባን። ከደቡብ የሚነሣው፣ የጸናውን በረዶ የሚያላላው ሞቃት ነፋስ ፊታችንን እየዳበሰን ነበር፤ እንዴት ደስ ይላል ተባባልን።

ካሲያን ጎተራው ደጃፍ ተቀምጦ ዳቦና የተጨሰ ሥጋውን ይዟል። ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ሰባት ሰው፣ ተሰልፎ፣ ሲኒማ ቤት እንደሚገባ ሰው ተዝናንቶ፣ ገንዳው መሐል እየመጣ ነው። ኋላ ለሮስቪታ እንደነገራት፣ ዳቦውን ጥሎ ተነሣ።

«ቁሙ!» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋን?» አለ ኮርቢኒያን።

«ጃኬትህን አይቶት ነው» አለችው ሮስቪታ።

እጃችንን አውለበለብንለት። ይታያችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጮህብን ስለኖረ ጩኸቱን መስማት ትተናል። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘ። ካሲያንን ባዶ ራሱን ያየ ሰው በሸለቆው ውስጥ አልነበረም፤ ነጭ መላጣ ነው። ያኔ ቆምን።

«ተመለሱ! አንድ በአንድ! በመሐላችሁ ሃምሳ እርምጃ! ማንም እንዳይናገር!» ለመመለስ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ሮስቪታ ሁሉንም ካሳለፈች በኋላ መጨረሻ ወጣች። ጥዶቹ ጋ ከደረሰች ብዙ አልቆየም፤ ገንዳው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር እንደተነፈሰ ያለ ድምፅ ሰማንና በረዶው ሄደ። ትንሽ ናዳ ነው፤ የአንድ ቤት ጓሮ ቢያክል ነው። ግን ቆመን የነበርንበትን ዱካ ጠርጎ ወሰደው።

ካሲያን በጫካው ዞሮ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ጠበቅነው። ስድቡን ተዘጋጅተን ነበር የምንጠብቀው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ከናዳው ይልቅ ይሄ ነው ያስደነገጠን።

ከዚያ ወዲህ ጠፋ። ሁለት ጊዜ በረዶ ጣለ፤ ሻፍኮግል ሳትረገጥ ነጭ እንደሆነች ከረመች። መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ይመጣል፣ ሽቅብ ያያል፣ ማንም አይጀምርም። ስኪውን ሳያወርድ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። እኛም ጃኬታችንን የሚሰድብ ሰው አጥተን ቆመን እንተያያለን። በሦስተኛው በረዶ ሮስቪታ አውቶብሷን ለተተኪ ሾፌር ሰጥታ ካሲያን ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ የጦር ሜዳ መነጽር አለ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲያየን ነው የከረመው።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ካሲያን» አለች ሮስቪታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወይዘሮ ሮስቪታ። ዛሬ በረዶው ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው። ዱካ ግን የለውም።»

«ራሳችሁ ክፈቱ። ሰባት ሰው ልገድል ነበር እኮ! ደግማችሁ እኔን ትከተላላችሁ?»

ሮስቪታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንሰማም። ለዛሬ ይህን ቤት ሺህ ሜትር ላይ አድርገነዋል። ተነሥ ካሲያን! እኛ እንከፍታለን፤ አንተ ከኋላ ሆነህ ትሳደባለህ።»

ትንሽ አሰበበት። «ለመሳደብ ብቻ ነው የምመጣው» አለ።

መኪና ማቆሚያው ላይ የቀሩትን አምስቱን ይዘን ተነሣን፤ ሮስቪታ ፊት ሆነች፣ እኛ ተከተልን፣ ካሲያን መጨረሻ። በዕድሜው ከሰው ኋላ ወጥቶ አያውቅም። እስከ ሦስቱ ጥዶች ድረስ ቃሉን ጠበቀ፤ «ይሄ መታጠፊያ ነው ወይስ መሰላል?» «ፍየል ነው እንዴ የሚከተልሽ?» ሲል ነበር። ሮስቪታ በየመታጠፊያው ቆማ ወደ ኋላ ታያለች።

«ወደፊት ተመልከቺ! ዱካው ወደፊት ነው!»

«አርባ ሰው ጭኜ የምሄድ ሴት ነኝ፤ መስታወት ሳላይ አልነዳም። አለህ?»

ካሲያን ዘንጉን በረዶው ውስጥ ቸከለ።

«አለህ ወይ ነው የምልህ!»

«አለሁ» አለ፤ ተናዶ።

በየመታጠፊያው ትጠይቃለች፤ በየመታጠፊያው ይመልሳል። ቀስ በቀስ ንዴቱ ከድምፁ ወጣ። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ «አለህ?» ስትል መልስ ጠፋ። ሁላችንም ዞርን። ካሲያን ዘንጎቹን ተደግፎ ቆሟል። ያለቅስ ነበር። ሮስቪታ እስከሱ ድረስ ወረደች።

«ልብህ ነው? አመመህ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ይሄን ነው ያየችው» አለ።

«ምኑን?»

«ጀርባ። ከዚህ ሌላ የሚታይ ነገር የለም እኮ። ጀርባ ብቻ።»

ሮስቪታ የሻይ ፔርሙሱን ከፈተች፣ በክዳኑ ቀዳች፣ እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት። እስኪጠጣው ጠበቀችና «ዱካውንም አይታለች» አለችው። «ዐሥራ ዘጠኝ መታጠፊያ።»

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለ ካሲያን። አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «የናንተ ስድስት ነው። ስድስት! በዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይወጣል?» ብሎ አልፎን ፊት ሆነና ዱካውን እንደ አዲስ መክፈት ጀመረ።

አሁን አዲስ መከራ ገጥሞናል። ክቡርነቱ በየመታጠፊያው ይዞራል። በዐሥራ ዘጠኙም። ሰባታችንንም በጣት ይቆጥርና «አላችሁ?» ይላል፤ ሁላችንም «አለን!» ካላልን ንቅንቅ የለም። የሁለት ሰዓቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እግራችን ይደነዝዛል፣ ኮርቢኒያን ያማርራል። ይህ ሰው ዞሮ ባያይ ይሻለን ነበር እንባባላለን።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ይፈልገኛል ብዬ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። ነፋስ ይሰማኛል፣ ከኋላ የኮርቢኒያን እሮሮ ይሰማኛል።

«የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነኝ» አለ ካሲያን። «አንድ ሰው ጎድሎኛል።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ ጉሮሮዬም...»

«ስለ ጉሮሮህ አልጠየቅኩህም። አለህ?»

«አለሁ» አልኩት።