ጉብታዎቹን በተራራ ስም የጠሩት አሰልጣኝ

በዚህ አገር አንድም ሥራ ያለ ሁለት ሰው አይሠራም። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ዳር ቆሞ «እኔ ብሆን…» ይላል። ጉድጓድ የሚቆፍር ካለ ከላዩ ቆሞ አቆፋፈሩን የሚያርም አለ። መኪና ወደ ኋላ የሚመልስ ሾፌር ካለ እጁን እያወዛወዘ «ና! ና! ና!» የሚል፣ መኪናው ግንቡን ሲነካ ግን ፈልገው የማያገኙት ሰው አለ። እኔ ከአዳማ በነርስነት ተመድቤ ቢቸና ከመጣሁ ወዲህ የዚህን ወገን ሊቀ መንበር በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ክቡር አሰልጣኝ መምህር ሣህለ ማርያም ይባላሉ።

መምህር ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሽማግሌ ናቸው። አሁን የቢቸና የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ወጣቶችን ያሰለጥናሉ። ሞተር ነድተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አንድ የግብርና ባለሙያ ከኋላው አፈናጦ ሊያደርሳቸው ሞክሮ፣ መቶ ሜትር ሳይሄዱ «አውርደኝ ልጄ፣ የረሳሁት ነገር አለ» ብለው ወርደው በእግራቸው መንገዳቸውን መቀጠላቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ማን ሾማቸው? ማንም። ወጣቶቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው፣ ጉብታና ማጥ በበዛበት ሜዳ መለማመድ ሲጀምሩ፣ መምህር የመጡት ጩኸቱ ንባባቸውን ስለረበሻቸው ሊቆጡ ነበር። ቆሙ፤ ተመለከቱ። ቁጣቸውን ረስተውት «ያ ልጅ ኩርባው ላይ ምን ያስቸኩለዋል? እኔ ብሆን ቀደም ብዬ ነበር ፍሬን የምይዘው» አሉ። በማግስቱ ፊሽካ ይዘው መጡ። በሳምንቱ ደብተር። በወሩ ወጣቶቹ ራሳቸው «ጋሼ ሳይመጡ አንጀምርም» ማለት ጀመሩ። እኔንም የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኔን ይዤ በየቅዳሜው እንድገኝ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። «ነርስ ነህ፤ ቅዳሜ ተኝተህ ነው የምትውለው። እኔ ብሆን እመጣ ነበር።» ሄድኩ።

የጂኦግራፊ መምህር ሜዳ አይቶ ዝም አይልም። በሦስተኛው ሳምንት የሜዳውን ካርታ አነሡ፤ ለእያንዳንዱ ጉብታ ስም አወጡለት። ትልቁ ራስ ዳሸን ሆነ። ድንጋያማው ጮቄ። ከታች ያለው፣ ክረምት ከበጋ የማይደርቀው የመረሬ ጭቃ ደግሞ ዓባይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከሜዳው የሚሰማው ትእዛዝ አላፊ አግዳሚውን ያስቆም ጀመር። «ስርጉት! ራስ ዳሸንን በሁለተኛ ማርሽ ውጪው! ስጦታው! ዓባይን ሳትቆም ተሻገር!»

አንድ ቅዳሜ ስጦታው ሳይሻገር ቀረ። ጎማው ሰመጠ፤ እሱም ከነሄልሜቱ ጭቃው ላይ ተዘረረ። ከመቆሸሹ በቀር አንድም ነገር አልሆነም። መምህር ግን ሞተሩን ለማስወጣት ገበያ የነበረውን ጎረቤታቸውን በስልክ ጠሩና፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስጦታው ዓባይ ገብቶብናል! ገመድ ይዘህ ድረስ!» አሉ።

ይህን ድምፅ ከስልክ ውስጥ ግማሹ ገበያ ሰማው። ብዙም አልቆየ፤ የስጦታው እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስከትለው ደረሱ። ልጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይበላል።

«ወዴት አለ ሬሳው?» አሉ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ስጦታው፣ ከዓይኑ በቀር ሁለመናው ጭቃ ሆኖ።

እናቱ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ድንጋይ አንሥተው ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። መምህር ከራስ ዳሸን ጀርባ ተከልለው «ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ይረጋጉ እንጂ! እኔ ብሆን መጀመሪያ አጣራ ነበር!» አሉ። ይህን ባይሉ ይሻላቸው ነበር።

ሳቁ የቆመው ስርጉት የወደቀች ዕለት ነው። ስርጉት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከሁሉም ፈጣን እሷ ነበረች። ሞጣ ላይ ለሚደረገው ውድድር ሰባት ሳምንት ሲቀር፣ ከጮቄ ስትወርድ ሞተሩ ተንሸራቶ ከላይዋ ወደቀ። እጇ ወለም ብሎ፣ ትከሻዋ ተላልጦ ነበር። በሁለት ሳምንት አዳንኩላት። ፍርሃቷን ግን የማድንበት ነገር ሣጥኔ ውስጥ አልነበረም። ሞተሩን አስነሥታ ትበርና፣ ጮቄ ሥር ስትደርስ ፍሬን ይዛ ታቆማለች። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሄልሜቷን አወለቀች።

«ጋሼ፣ ይብቃኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ያስመዝግቡ።»

ሁላችንም «እኔ ብሆን» እስኪሉ ጠበቅን። አላሉም። «እሺ ልጄ» ብለው ደብተራቸውን ዘግተው ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ደወሉልኝ። «ሣጥንህን ይዘህ ና። ለእኔ ነው።» ሜዳው ስደርስ፣ እሷንም ጠርተዋት ኖሮ ስርጉት ግራ ተጋብታ ቆማለች፤ መምህር ሄልሜቷን አጥልቀው ሞተሩ ላይ ተቀምጠዋል። የስልሳ አራት ዓመት ሰው!

«ጋሼ፣ ምን መሆንዎ ነው?»

«አስተምሪኝ» አሏት።

«ይወድቃሉ እኮ!»

«እወድቃለሁ። ፍሪሲዮኑ የቱ ነው?»

ስርጉት አፏን ያዘች። ሰባት ወር ሙሉ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ያዝ!» እያሉ ጉሮሯቸው የነቃ ሰው ናቸው።

አሳየቻቸው። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋባቸው። ቀጥሎ ሦስት ሜትር ሄዱ። ስርጉት ከጎናቸው እየሮጠች «ቀስ! ጎማውን አይዩ! ፊት ፊትዎን!» ትላለች። በአራተኛው ነዳጁን አንድ ጊዜ ለቀቁትና «ኧረ ማርያም!» እያሉ ከፊታችን ተሰወሩ። ጮቄ ሥር ከቁጥቋጦው ውስጥ አገኘናቸው። ጉልበታቸው ክፉኛ ተገሽልጧል።

«ደግሜ ልሞክር» አሉ።

«እንዲህ አይደለም! ሄልሜቱን ይስጡኝ፣ ላሳይዎት!» ስርጉት ሄልሜቱን ነጥቃ ሞተሩ ላይ ወጣች፤ ዞራ ተንደረደረች፤ ጮቄን ወጥታ ወረደች። ከወዲያ በኩል ሞተሩን አቁማ፣ ያለፈችውን ጉብታ ዞራ ስታየው ቆየች። ከዚያ በዚያው በጮቄ ተመለሰች።

ጉልበታቸውን እያጠብኩ «ጋሼ፣ አውቀው ነው አይደል? እሷን ለመመለስ?» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «ጮቄ ሥር ስትቆም ሳይ የምላት ነገር ፈለግኩ፤ አጣሁ። ለካ የማላውቀውን ነው ስጮህ የኖርኩት። ምን እንደሚያስፈራት ማወቅ አማረኝ።»

«ታዲያ አወቁ?»

«በጣም ነው የሚያስፈራው ልጄ። በጣም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሮቹን በአይሱዙ ጭነን ሞጣ ሄድን። ስርጉት ከአሥራ አንድ ተወዳዳሪ አራተኛ ወጣች። ስጦታው ሞጣም ላይ ማጥ አገኘ። መምህር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ገመዱን ይዘው ቆመው፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

አጠገቤ የቆመ አንድ ጎረምሳ በክርኑ ጎሸመኝ። «እኚያ የሚያነክሱት ሽማግሌ ናቸው አሰልጣኛችሁ? ለመሆኑ ሞተር ነድተው ያውቃሉ?» ብሎ ሳቀ።

እንደ እኔ በእሳቸው የሳቀ ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ። «ያውቃሉ!» ብዬ ስጮህ ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። «ነድተዋል! ወድቀዋልም! ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አንተስ የት ወድቀህ ታውቃለህ?» ጎረምሳው ሁለት እርምጃ ሸሸ።

መምህር ጩኸቱን ሰምተው እያነከሱ መጡ። «ምንድን ነው ልጄ? ከማን ጋር ነው?»

«ከማንም ጋር አይደለም ጋሼ። ፋሻዎ ላልቷል፤ እስቲ እዚህ ይቀመጡ።»

ፋሻው አልላላም ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ ቀስ ብዬ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።